ዋሳውን ያባረሩት ተክሎች

በመጀመሪያ ማን የት ቆሞ እንደነበረ ልናገር። ወሬው ሰፈሩን ከዞረ ወዲህ ግማሹ ሆሳዕና በእኔ ሳሎን ውስጥ የነበረ ይመስላል። የነበርነው ግን አራት ሴቶች ብቻ ነን። ከዳምቦያ የመጡት እንግዳ፣ ወይዘሮ ታደለች፣ ሳሎኑ መሐል ቆመዋል፤ በቀኝ እጃቸው ቁራሽ ዋሳ፣ የእንሰት ቂጣ፣ ይዘዋል፤ አልጎረሱትም፣ አላስቀመጡትምም። ጎረቤቴ ብርቄ ሰሃኑን በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። የወንድሜ ልጅ ምሕረት መስኮቱ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ የጓዳው በር ላይ ነኝ፤ ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ነው።

የቀረውን ቦታ ተክሎቹ ይዘውታል። ጃዝሚኑ መስኮቱ ላይ፣ ጠጅ ሳሩ ከቲቪው በስተግራ፣ የጥብስ ቅጠሉ ከቲቪው በስተቀኝ፣ ናናው ብፌው ላይ፣ አሪቲው ከበሩ ጎን፤ ላቬንደር የሚባለው ደግሞ እንደ ክብር እንግዳ ጠረጴዛው መሐል። በዚያች ሰዓት በቤቱ ውስጥ የተረጋጉት እነሱ ብቻ ነበሩ።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

ምሕረትን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አባቷ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በልጅነቷ ነው የሞተው። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ዱራሜ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ከሆነ ተመስገን ከሚባል ልጅ ጋር ተስማምተዋል። በዚህ ዘመን ልጆቹ መጀመሪያ ይስማማሉ፣ ቀጥሎ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽማግሌዎቹም ምንም ያልሰሙ መስለው ይመጣሉ፤ እኛም ምንም ያላየን መስለን እንቀበላቸዋለን። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

ችግሩ ተመስገንን ያሳደጉት አክስቱ፣ ወይዘሮ ታደለች፣ መሆናቸው ነበር። ልጁ ለምሕረት በግልጽ ነግሯታል፤ "አክስቴ ቤታችሁን ሳታይ ሽማግሌ አይላክም።" ልብ በሉ፣ ለማየት የሚመጡት ልጅቷን አይደለም፤ ልጅቷንማ በስልክ አይተዋታል። ቤቱን ነው። ከዚህ በፊት አንጋጫ ያለች አንዲት ልጅ ታጭታለት ነበር፤ ወይዘሮ ታደለች ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ተነስተው፣ "ቤቱ ቀዘቀዘኝ" ብለው ተመለሱ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ምሕረት ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። በዚያ ላይ ወይዘሮ ታደለች አዲስ አበባ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዓመት ያህል ተቀምጠው ገና መመለሳቸው ነው። አዲስ አበባ ዓመት የተቀመጠ ሰው ምን ሆኖ እንደሚመለስ አይታወቅም።

አንድ ቀን ምሕረት ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ብላ በአፍንጫዋ ሳበች።

"አክስቴ፣ ቤታችን ይሸታል።"

"ምን ምን?"

"ቤት ቤት።"

"ቤት ምን እንዲሸት ነበር የፈለግሽው?"

"ምንም። ወይም አበባ።"

ያስቸገራት ዋሳው መሆኑ ገብቶኛል። ሌላው አገር ቆጮ የሚለውን እኛ ዋሳ እንለዋለን። ጊምቢቹ አጠገብ የአባቴ መሬት ላይ ጥቂት እንሰት አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ከዘመዶቼ ጋር ፍቄው፣ በጉድጓድ ቀብሬው፣ ሲበስል አስወጥቼ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ለመስቀል ብዬ ጓዳ ያስገባሁት ሰሞኑን ነው። ሽታ አለው። በዚህ አልከራከርም። ተቀብሮ የከረመ ነገር ሽታ ባይኖረው ነው የሚያስፈራው።

ምሕረት ግን መልሱን ከስልኳ አገኘች። አንዲት ሴት ነጭ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስለ ተፈጥሯዊ የቤት መዓዛ ታስተምራለች። ሽቶ አያስፈልግም፣ ኬሚካል አያስፈልግም፣ ተክል ብቻ ይበቃል ትላለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ ተመለከትኩ። በሴትየዋ ቤት ምግብ የለም፣ ልጅ የለም፣ ጫማ የለም፣ አቧራ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ያለ ተክልስ ቢሆን ምን ሊሸት ይችላል? ይህን ግን አላልኩም። ምሕረት ማስታወሻ እየያዘች ነበር።

ተክሎቹ በባጃጅ መጡ። ባለ ባጃጁ እያወረደ፣ "ማዘር፣ ሰው ልጭን ወጥቼ ጫካ ጫንኩልሽ" አለኝ። ምሕረት ዋጋቸውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስለ ላቬንደሩ ግን ሻጩ ያላትን ሁሉ በቃሏ ይዛ መጥታለች። ለእንቅልፍ ይሆናል፤ ለትንኝ ይሆናል፤ ለጭንቀት ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ በዚህ ከተማ ሌላ ሰው የለውም። ይህን የመጨረሻውን ለገባ ለወጣው ሁሉ ትነግር ጀመር። እኔ ግንዱን ነካ አድርጌ ጣቴን አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል። በዚያ ቀን የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው፤ እሱንም ያለ ጊዜው እንደተናገርኩ ከፊቷ አየሁ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጎረቤት ነው። በእኛ አገር የሚሸት ቅጠል ሥራ አለው። ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ቅቤ ውስጥ ይገባል፣ ለሆድ ቁርጠት ይታኘካል። ዝም ብሎ ሳሎን ቆሞ እንዲሸት የተቀጠረ ቅጠል አይተን አናውቅም። ስለዚህ የገባው ሁሉ ቀጠፈ። ብርቄ በመጀመሪያው ቀን ከጥብስ ቅጠሉ አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ ሰበረች።

"እትዬ ብርቄ፣ እሱ እኮ ለሳሎን ነው!" አለች ምሕረት።

"ሳሎን ጥብስ ይበላል?" አለች ብርቄ፣ ቅርንጫፉን በመቀነቷ እየሻጠች።

ብርቄ የሴቶች የጸሎት ቡድናችን መሪ ናት። በቅንነቷ ምንም አልልም። ቀና ብላ ስትሄድ ግን ከበሩ ጎን አሪቲው ላይ ዓይኗ አረፈ፤ ቆመች።

"እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"አሪቲ ነዋ።"

"አሪቲ መሆኑንማ አውቄዋለሁ። እናቶቻችን ጌታን ሳያውቁ አሪቲ ለማን ያቀርቡ እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። እዚህ ምን ያደርጋል?"

"እንዲሸት ነው።"

"ለማን እንዲሸት?"

መልሴን አልጠበቀችም። እጇን አንስታ አሪቲው ላይ ጮክ ብላ ጸለየችበት፤ ማሰሪያው እንዲፈታ፣ አሠራሩ እንዲፈርስ። አሪቲው ምንም አልሆነም። በማግስቱ የጸሎት ቡድኑ በሙሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ተሰልፈው ሶፋው ላይ ተቀምጠው በሐዘን ያዩኝ ነበር። አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሕልም ታያለሽ?" አለችኝ። "እተኛለሁ" አልኳት። ተያዩ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ከናናው ትንሽ ትንሽ ቀጥፈው ወጡ፤ ናና ላይ መንፈሳዊ ጥያቄ አልተነሳም።

ሁለተኛው እንቅፋት ዋሳው ራሱ ነበር። ምሕረት ተክሎቹ ዋሳውን ያሸንፉታል ብላ አስባ ነበር። አላሸነፉትም፤ ተቀላቀሉት። ጃዝሚን ብቻውን ጃዝሚን ነው፤ ዋሳም ብቻውን ዋሳ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ምን እንደሚሆኑ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቲቪ ለመጠገን የመጣው ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ሄዷል፣ ይህ ይበቃል። ያኔ ምሕረት መቀስ አምጥታ ከላቬንደሩ እየቆረጠች በዋሳው ጥቅል መሐል መሐል ትጠቀጥቀው ጀመር።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሽታውን ይመጥጥልኛል።"

"የሚበላ እኮ ነው።"

"አክስቴ፣ መጀመሪያ ወይዘሮ ታደለች ይምጡና ይሂዱ፤ ከዚያ እንበላዋለን።"

አልመጠጠም። እንግዳዋ የሚመጡበት ቅዳሜ ሲነጋ ምሕረት አልጋዬ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። "ቤቱ ሸተተኝ ብለው ቢሄዱስ?" አለችኝ። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ስወስዳት እንዲህ አድርጋ ነበር የምታየኝ። "እንግዲያው ዋሳው ይውጣ" አልኩ።

የሚወጣው ወዴት ነው? ብርቄ ጋ። ብርቄ እንሰት መፋቅ ከተወች ቆየች፤ ዋሳዋን ከገበያ ነው የምትገዛው፤ ስለዚህ ጓዳዋ ባዶ ነው። በዚያ ላይ ሳይነስ አለባት፤ ምንም ነገር አይሸታትም። ለእንዲህ ያለ አደራ ከእሷ የተሻለ ሰው በከተማው አልነበረም። እሷም አላንገራገረችም። ጥቅሉን ተቀብላ በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው፤ "እንግዳዋ እስኪሄዱ ነው አይደል?" አለች። ብርቄ ሰናይት የምትባል ያላገባች ልጅ እንዳላት መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያን ዕለት ግን እኔም ምሕረትም አላሰብነውም።

ወይዘሮ ታደለች ረፋዱ ላይ ደረሱ። ባጃጁ በሁለቱ ቤቶች መሐል አወረዳቸው። በመስኮት እያየናቸው ነበር። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ ሴት ናቸው። ቀና ብለው ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፤ ከዚያ አፍንጫቸው የመራቸው ይመስል በቀጥታ ወደ ብርቄ በር ሄዱ። ምሕረት እየሮጠች ወጣች።

"እማማ፣ በዚህ ነው! ቤታችን ይኼኛው ነው!"

"ይህ አይደለም?" አሉ ወይዘሮ ታደለች፣ የብርቄን በር እያዩ።

"አይደለም።"

"እ" አሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። እንዲህ ያለ "እ" የሚሰማው ሰው አስከሬን ሲሸኝ ነው።

ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ተቀመጡ። አፍንጫቸውን ወደ ጃዝሚኑ፣ ከዚያ ወደ ጠጅ ሳሩ አዞሩ።

"ደኅና ናችሁ? የታመመ ሰው አለ?"

"የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"የተፈጥሮ መዓዛ ነው፣ እማማ" አለች ምሕረት። "አዲስ አበባ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"አውቀዋለሁ፣ ልጄ። የልጄ ቤት መጸዳጃው ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።"

ምሕረት ጭማቂ ልታመጣ ተነሳች። ወይዘሮ ታደለች ጎንበስ ብለው ከላቬንደሩ አንድ ቅጠል አሽተው አሸተቱ።

"ይህ ሳሙና ነው።"

"ተክል ነው፣ እማማ። ላቬንደር ይባላል" አለች ምሕረት ዞር ብላ።

"ሳሙና እንደሚተከል አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ጓዳውን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አሳየኋቸው። ምሕረት በበረኪና አጥባው፣ ወለሉ ያብለጨልጫል፤ ከመደርደሪያው በስተቀር ምንም የለበትም። ወይዘሮ ታደለች በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩት፤ አንድም ነገር በሌለበት ጓዳ ውስጥ ያን ያህል የሚታይ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

"ዋሳ ከየት ነው የምትበሉት?"

እኔ አፌን ስከፍት ምሕረት ቀደመችኝ። "እኛ... አብዛኛውን ጊዜ ዳቦ ነው የምንበላው፣ እማማ።"

"ዳቦ" አሉ ወይዘሮ ታደለች። የበሽታ ስም የሚጠሩ ይመስል ነበር።

ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ይልቅ ደክሞታል። "ልጁን ያሳደግሁት በዋሳ ነው" አሉኝ። "እናቱ ስትሞት፣ ለቅሶው ሲበተን፣ ጓዳዬ ውስጥ የቀረኝ እሱ ነበር። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማሸተው ለዚህ ነው። አንጋጫ ሄጄም እንዲሁ፤ ቤቱ ምንም አይሸትም፣ ምድጃውም ቀዝቅዟል። አሁን እዚህም..." ቃሉን ሳይጨርሱ ጃዝሚኑን አዩት። ምሕረት የጭማቂውን ትሪ እንደያዘች ቆማለች። "ጎረቤታችሁስ? በሯ ላይ ስቆም የዋሳው ሽታ አንጀቴን አራሰው። ሴት ልጅ አላት?"

በዚህ ሰዓት ነው ብርቄ የገባችው። በእጇ ሰሃን፣ በሰሃኑ ላይ ትኩስ የተጋገረ ዋሳ፣ በጎኑ አይብ።

"እንግዳ መጣ ሲባል ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ" አለች። "ቤት ያፈራውን ይዤ መጣሁ። የጋገረችው ሰናይት ናት፣ ልጄ።"

ብርቄን አየኋት፤ ብርቄ አሪቲውን አየች። የጸሎት መሪ ናት፣ አልዋሸችም። ቤት ያፈራውን ነው ያለችው፤ የማን ቤት እንደሆነ የጠየቃት የለም።

"እንዴት ያለ ነው!" አሉ ወይዘሮ ታደለች፣ ከተቀመጡበት እየተነሱ። "ራስሽ ነሽ የፈቅሽው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ብርቄ።

"የራስሽ እንሰት ነው?"

"ጌታ ምን ይሳነዋል።"

ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ምን ልበል? ዋሳው የእኔ ነው ብል፣ ለምን ደበቅሽው ነው የሚሉኝ። ለምን እንደደበቅሁት ብናገር፣ ምሕረት አሁን ስለ ዳቦ የተናገረችው ውሸት ይሆናል። በዚያ ላይ እኔ በእንግዳ ፊት ስለ ራሴ ሥራ መናገር አልለመድኩም። ምሕረት ትሪውን ብፌው ላይ አስቀምጣ መስኮቱ ሥር ሄዳ ቆመች። እኔ የጓዳው በር ላይ ቀረሁ።

ወይዘሮ ታደለች ከሰሃኑ ቁራሽ ቆረሱ፤ ወደ አፋቸው ወሰዱት፤ አፍንጫቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ቦታ ይህ ነው።

ቁራሹን አሸተቱት። ወደ ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ተራምደው ጎንበስ አሉና ላቬንደሩን አሸተቱ። እንደገና ቁራሹን። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ከዋሳው ውስጥ ቀጭን፣ ግራጫ የሆነች ቅጠል ጎትተው አወጡ፤ ሰናይት ቸኩላ በደንብ ሳትከትፈው ነው የጋገረችው። ቅጠሏን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተክሉ ሥር አስቀመጧት።

"እህቴ፣ ይህ ሳሙና እናንተም ጋ አለ?" አሉ ብርቄን።

ብርቄ ሰሃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "እ... ይኖራል መሰለኝ። ልጆቹ ተክለው ይሆናል።"

"የለም!" አለች ምሕረት ከመስኮቱ ሥር፣ ሳታስበው። "በዚህ ከተማ ሌላ ሰው የለውም፣ ሻጩ ነግሮኛል።"

ይህን ብላ በመዳፏ አፏን ያዘች። ምስኪን ልጅ፣ በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ስለ ላቬንደሯ ብርቅነት መከራከር አልተወችም። ወይዘሮ ታደለች ግን ወደ እኔ ዞረዋል።

"ማን ነው የፈቀው?"

"እኔ።"

"የት?"

"ጊምቢቹ፣ የአባቴ መሬት ላይ።"

"ታዲያ ጎረቤት ምን ሊሠራ ሄደ?"

"ይሸታል ተብሎ።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ።"

"ለእኔ!" አሉ። የጣለውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ዞር ዞር ብለው ምሕረትን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተክሎቹን አንድ በአንድ አዩ። "ከአዲስ አበባ ለምን እንደተመለስኩ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።"

ቁራሹን ጎረሱት። ሁላችንም ሲያኝኩ ቆመን ጠበቅን፤ ቸኩለው አያኝኩም።

"ሳሙና ሳሙና ይላል" አሉ ሲውጡ። "ግን በደንብ የበሰለ ነው።"

ላቬንደሩን አንስተው ወለሉ ላይ አኖሩት። ሰሃኑን ከብርቄ እጅ ተቀብለው እሱ በነበረበት ቦታ፣ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት። ብርቄ ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ወይዘሮ ታደለች ነጠላቸውን አስተካክለው ምሕረት ጋ ሄዱ፤ መዳፏን ከአፏ ላይ አወረዱት፣ ጉንጯን ሳሙት።

"ሽማግሌዎቹ የመስቀል ማግስት ይመጣሉ። ዳቦ እንዳታቀርቢላቸው።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ከአሪቲው አንድ ዘለላ ቀጠፉ፤ ብርቄን እያዩ አሸተቱት፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ወጡ።